ፖሊሱ ምን ብሎ ይጻፍ?

ቴክሳስ፣ ሜስኪት ከተማ ውስጥ መኪና የሚነዳ ሰው እነዚያን ልጆች ያውቃቸዋል። የሳይክላቸውን የፊት ጎማ ሰማይ ሰቅለው፣ በኋለኛው ብቻ እየተንገዳገዱ፣ በራስህ መስመር ፊት ለፊት ይመጡብሃል። ፍሬን ትይዛለህ፣ ክላክስ ታደርጋለህ፣ የምታውቀውን ታቦት ሁሉ ትጠራለህ። ልጁ የመኪናህ አፍንጫ ጋ ሊደርስ አንድ ክንድ ሲቀረው እጥፍ ብሎ ያልፋል። ሲያልፍ ፈገግ ይላል። እኔን የሚያበግነኝ ይኸው ፈገግታ ነው፤ ብንጋጭ የማን ኢንሹራንስ እንደሚጨምር የሚያውቅ ሰው ፈገግታ ነው።

ይህንኑ ቡና ላይ አነሳሁ። በዕድሜ የሚበልጡን ጋሼ ሲኒያቸውን አስቀመጡና፣

«ፖሊስ ይቅጣቸው!» አሉ።

«ምን ብሎ፣ ጋሼ?»

«ምን ብሎ ማለት ምንድን ነው? ቲኬት ጽፎ ነዋ!»

«ቲኬቱ ላይ ምን ብሎ ይጻፍ?»

«ባለጌዎች ናቸው ብሎ ይጻፍ! አንተ ደግሞ!»

ቤቱ በአንድ ድምፅ አጸደቀ። ጥያቄው ግን እኔን አልለቀቀኝም። ማታ ሰው ሁሉ ኳስ ሲያይ እኔ የቴክሳስን የትራንስፖርት ሕግ ምዕራፍ 551 ከፍቼ ተቀመጥኩ።

ሳይክል ነጂ እንደ ማንኛውም አሽከርካሪ መብትም ግዴታም አለው ይላል። የሚቀመጠው በቋሚነት በተገጠመ ኮርቻ ላይ ነው። ሳይክሉ ከተሠራለት በላይ ሰው አይጭንም። በሚሄድ መኪና ላይ አይንጠለጠልም። ዕቃ ቢይዝ እንኳ ቢያንስ አንድ እጁ ለመሪው መትረፍ አለበት። እስከዚህ ጋሼ ቢሰሙ ደስ ይላቸው ነበር። ከዚያ ፍሬን መጣ፦ የሳይክሉ ፍሬን ደረቅ፣ ሜዳና ንጹሕ አስፋልት ላይ ጎማውን አስሮ ማንሸራተት የሚችል መሆን አለበት። ታዲያ እነዚህ ልጆች ቀኑን ሙሉ አስፋልቱ ላይ ጥቁር መስመር ሲያሰምሩ የሚውሉት ሕጉን እያከበሩ ነዋ! የፊት ጎማ አየር ላይ ስለመዋሉማ ምዕራፉን ከላይ እስከ ታች ባበጥረውም አንድ ቃል አጣሁ። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2021 የቴክሳስ ሕግ አውጪዎች አደባባይ ላይ ጎማ እያስጮኹ በሚሽከረከሩት ላይ ሲጠነክሩ የጻፉት ስለ ባለሞተር ነው፤ የልጅ እግር ሞተር አይባልም። እርግጥ ቀኝ ጠርዝ ትቶ በተቃራኒ መምጣት ያስቀጣል። ይህን ለጋሼ አልነገርኳቸውም። መቀጮው፣ ሌላ ካልተደነገገ በቀር፣ ከ1 ዶላር አያንስም፣ ከ200 ዶላር አይበልጥም። 1 ዶላር!

ከዚህ ወደ ሮዲዮ እንዴት እንደተሻገርኩ አትጠይቁኝ። ሜስኪት እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ከ1958 ጀምሮ ሮዲዮ ያላት ከተማ ናት፤ የቴክሳስ ምክር ቤትም «የቴክሳስ የሮዲዮ መዲና» ብሎ ሰይሟታል። እዚያ ሕጉ ሌላ ነው። ሰውዬው ኮርማ ላይ ይወጣል። ገመዱን በአንድ እጁ ብቻ ይይዛል፤ ሌላው እጁ አየር ላይ መዋል አለበት፤ ኮርማውን ከነካ ነጥብ የለም። 8 ሰከንድ ከቆየ ከ100 ይታረምለታል፤ ከ100ው ግን 50ው የኮርማው ነው። ሰው አሽቀንጥሮ ለመጣል ባሳየው ትጋት ማርክ የሚሰጠው እንስሳ! ኮርማው ሰነፍ ከወጣ ጋላቢው ቢደላደልም ብዙ አያገኝም። እኔ ይህን ያህል ፍትሐዊ የሥራ ግምገማ አይቼ አላውቅም። ለአለቃዬ አስቸጋሪነት 50 ነጥብ ተይዞልኝ ቢሆን ኖሮ ዛሬ የት በደረስኩ።

በዚያ ላይ በጉ አለ። በየሮዲዮው አንደኛ ክፍል እንኳ ያልገቡ ሕጻናት ሄልሜት አጥልቀው በግ ይጋልባሉ። በግ! እኛ ለፋሲካ ዋጋውን የምንከራከርበትን! ሕጻኑ በጉን አቅፎ ጥቂት ሜትር ይሄድና አፈር ላይ ይደፋል፤ ሕዝቡ ቆሞ ያጨበጭባል፤ እናት ቪዲዮ ትቀርጻለች። የኛም ሰው ለዚህ ባዳ አይደለም። ጥር 23 እንጅባራ ላይ የአዊ ፈረሰኞች ሲወጡ ያየ ሰው እልል ይላል እንጂ ፖሊስ አይጠራም። ሳይክልም ብትሉ፣ አገራችን በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ላይ ኦሎምፒክ ስትጀምር ከሯጮቹ ጋር የላከችው ብስክሌተኞችን ነው፤ ገረመው ደንቦባ አንዱ ነበሩ። ብቻ እዚህ ከተማ እንደተረዳሁት፣ በአንድ እጅ መጋለብ ነውር የሚሆነው የተጋለበው ነገር ቀንድ ከሌለው ነው።

ከቅጣቱ በቀር ይህን ሁሉ ለጋሼ ደውዬ ነገርኳቸው። «በኛ ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም» አሉኝ።

እዚህ ላይ ደሜ ፈላ። በኛ ጊዜ! እርሳቸው በአውቶቡስ በር ተንጠልጥለው ያደጉ ሰው ናቸው፤ ራሳቸው ናቸው ያወሩን። እኛ ደግሞ ለግማሽ ሰዓት የተከራየነውን ሳይክል ይዘን፣ «አልቃይዳ» የምንለውን አይሱዙ በአንድ እጅ ጨብጠን ዳገት የወጣን ነን። ያየን ሰው ጆሯችንን ቆንጥጦ «የማን ልጅ ነህ?» ይለን ነበር። ፖሊስ የጠራብን አልነበረም። እዚህ የማን ልጅ እንደሆነ የጠየቀ የለም። ልጁ ቤት ሲቀመጥ «ስልክ ላይ ተጥዶ ዋለ» እንላለን፤ ሲወጣ ፖሊስ እንመኝበታለን። ፖሊስ ሲገባበት እንዴት እንደሚሆን በ2021 ኒው ጀርሲ፣ ፐርዝ አምቦይ ላይ ታይቷል፤ ሳይክላችሁ የከተማውን ፈቃድ አላወጣም ተብለው ልጆች ሳይክላቸውን ተቀሙ፣ አንዱም በካቴና ታሰረ። ስልኩን እያየ በሰዓት 50 ማይል የሚበርረው ሹፌርስ? እሱ ፈገግ አይልም፤ ጭራሽ አያየኝም። እሱን ቡና ላይ ያነሳው የለም፤ ቡናው ዙሪያ የተቀመጥነው እኛው ነንና።

ቢሆንም ልጁ በነጻ ይለቀቅ አላልኩም። 1 ዶላሩን ይክፈል። ከሌለው እኔ እከፍልለታለሁ፤ በዚያው ስሙን እጠይቀዋለሁ።

የሄልሜት ነገር ከተነሳ፣ ጎረቤታችን ዳላስ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1996 ሳይክል የነዳ ሁሉ ያጥልቅ ብላ ነበር፤ በ2014 ግዴታው ከ18 ዓመት በታች ላሉት ብቻ ሆነ። 18 ከሞላህ ጭንቅላትህ የግልህ ነው ማለት ነው። ልጅ ያላችሁ ግን መብራቱን አትርሱ። ማታ ከፊት ከ500 ጫማ የሚታይ ነጭ መብራት፣ ከኋላ ቀይ አንጸባራቂ ወይም ቀይ መብራት ግዴታ ነው። የፊት ጎማው አየር ላይ ሲሆን ነጩ መብራት ወዴት እንደሚያበራ ምዕራፍ 551 አይናገርም።