በ140 ፊደል ሊቅ መሆን

የገጠሯ ቀየት ተማሪ ሆይ፣ እሰይ፣ እንኳን ደስ ያለህ! ከእንግዲህ ደብተር ለመግዛት በግ አይሸጥልህም፤ ስልክ ለመግዛት በሬ ይሸጥልሃል እንጂ። አሠልጣኙ ከአዲስ አበባ መጥተው በትዊተር የማስተማርን ብልሃት ለእኛ ለመምህራኑ አስረድተውናል፦ ተማሪው የገባውን በትዊተር ይጽፋል፣ መምህሩ ላይክ ያደርግለታል፣ ክፍሉ ሼር ያደርግለታል። ሥልጠናው እኩሌታው ላይ ሲደርስ መብራት ሄደና ፕሮጀክተሩ ጠፋ። አበሉ ግን መብራት ስለማይፈልግ ሳይጎድል ተከፈለ።

እኔ ለሥልጣኔ እንግዳ አይደለሁም፤ ፕላዝማንም በእልልታ ተቀብያለሁ። በ1997 ዓ.ም. ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የገባው ያ ቴሌቪዥን እንዴት ያለ ጨዋ መምህር ነበር! በእንግሊዝኛ ይጠይቃል፣ ጥቂት ሰከንድ ይታገሣል፣ መልሱንም ራሱ ይመልሳል። እጁን ያወጣ ልጅ እጁን እንዳወጣ ይቀራል።

ትዊተር ከዚህም ይበልጣል። ነገር መርዘም እንደሌለበት ከማመኑ የተነሣ ስሙን ሳይቀር ወደ አንድ የላቲን ፊደል አሳጥሯል። በ2010 ዓ.ም. የጽሑፉን ልክ ከ140 ወደ 280 ሲያሳድግም እኛን አልረሳም፤ የላቲኑን ፊደል አንድ፣ የግዕዙን ግን ሁለት አድርጎ ስለሚቆጥር ገንዘብ ያልከፈለ አማርኛ ጸሐፊ ዛሬም በ140ው ነው። አንዱን ፊደላችንን በሁለት የሚመዝንልን የባዕድ ድርጅት ሌላ ከየት ይገኛል?

የቀረው ዝርዝር ነው። ስልክ የሌለው ካለው ይዳበል። ኔትወርክ ያጣ ባናውን ተከናንቦ ጋራውን ይውጣ፤ ስፖርትም ትምህርት ነው። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲዘጋማ፣ የቤት ሥራ ያልሠራ ሁሉ ከአያት ሞት የተሻለ ምክንያት አገኘ። በ2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ሾልኮ ከወጣ በኋላ መንግሥት ማኅበራዊ ሚዲያውን የዘጋው ተማሪው ሐሳቡ እንዳይበተን ብሎ ነበር። እኛ ደግሞ የተሰበሰበው ሐሳብ እንዳይሰለች በዚያው እናስተምረዋለን። በ2015 ዓ.ም. ያንኑ የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተፈተኑት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ናቸው፤ በማጠር በኩል ከትዊተር በፊትም አንታማም።

ያልገባው ያ ደበሎ ለባሽ የቅኔ ተማሪ ብቻ ነው። ጉባኤ ቃና የምትባለው ቅኔ ሁለት ቤት ናት፣ ከትዊተር ብታጥር እንጂ አትረዝም። እሱ ግን ለሁለቱ ቤት ቀኑን ሙሉ ሲቆጥር ይውልና ማታ ለየኔታ ይነግራል። የኔታም ሰምተው «ቤቱ አልመታም፣ ሂድ እንደገና ቁጠር» ብለው ይመልሱታል። ተከታዩ አንድ ሰው፣ እሱም ላይክ የማያደርግ! ሁለት ቤት ለመናገር ይህን ያህል ዘመን መማር ምን የሚሉት ኋላ ቀርነት ነው? የእኛ ልጅ ሳያነብ በሁለት ደቂቃ ይጽፋል፤ መምህሩም ሳያነብ ላይክ ያደርግለታል።