ክቡር ማኅተም

የአገራችንን ፓርቲዎች «ሥራ የላቸውም» እያለ የሚያማ ሰው ያናድደኛል። ሥራ አላቸው። የፖለቲካ ዘጋቢ ስለሆንኩ ሥራቸውን በቅርብ አየዋለሁ፤ ስልኬም ከሥራቸው ብዛት አያርፍም። «ነገ ጠዋት 4 ሰዓት ወቅታዊ ጉዳዮችን አስመልክቶ መግለጫ ስለምንሰጥ እንድትገኝልን።» ወቅቱ ይለወጣል፣ ጉዳዩም ይለወጣል፣ መግለጫው ግን አይለወጥም። ከጤፍ እስከ ነዳጅ የሁሉ ነገር ዋጋ አድሮ በሚጨምርባት አገር አንድ የማይናወጥ ነገር ማግኘት ትንሽ ጸጋ አይደለም።

4 ሰዓት የተባለው 5 ተኩል ይጀመራል። መጀመሪያ አራት ገጽ ጽሑፍ ይታደላል። ቀጥሎ ሊቀመንበሩ መነጽራቸውን አጥልቀው ያንኑ አራት ገጽ ከርእሱ እስከ ቀኑ ያነቡልናል። እኛም ዳዊት እንደሚደግም የቄስ ትምህርት ቤት ልጅ መስመሩን በጣታችን እየተከተልን እንሰማለን። የጠላት ወሬ የሚያወሩ ባልደረቦቼ «ወረቀቱ በእጃችን ካለ ለምን ይነበብልናል?» ይላሉ። ውለታ አያውቁም። በዚህ ዕድሜያችን ተቀምጦ የሚያነብልን ሌላ ማን አለን?

ይዘቱማ ድንቅ ነው። ፓርቲው «አጥብቆ ያወግዛል»፤ ትንሽ ወረድ ብሎ «በጽኑ ያሳስባል»፤ ማንነቱ በውል ያልታወቀው «የሚመለከተው አካል» ደግሞ «አስቸኳይ እርምጃ እንዲወስድ» ይጠየቃል። የፓርቲውን ስም በጣቴ ሸፍኜ ሳነብ የማን መግለጫ እንደሆነ ለይቼ አላውቅም። ከመጨረሻው ገጽ ግርጌ «ግልባጭ» ይላል፦ ለአፍሪካ ኅብረት፣ ለአውሮፓ ኅብረት፣ ለተባበሩት መንግሥታት ድርጅት። ለቀበሌው ነዋሪ ግልባጭ የተደረገበት ግን እስካሁን አላጋጠመኝም። ነዋሪው መዝገብ ቤት ስለሌለው ይሆናል።

ከሁሉ አብልጬ የማደንቀው ከፊርማው ጎን ያረፈውን ክብ ማኅተም ነው። እሱ ባይኖር እኔም እንጀራዬን አልበላም ነበር። ጠዋት የፓርቲው ሥራ አስፈጻሚ ሊቀመንበሩን ማባረሩን በመግለጫ ያሳውቃል። ከሰዓት በኋላ የተባረሩት ሊቀመንበር ሥራ አስፈጻሚውን ማባረራቸውን በመግለጫ ያሳውቃሉ። ስሙም አርማውም አንድ ነው። ታዲያ ፓርቲው የትኛው ነው? አዘጋጄ የሚጠይቀኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ «ማኅተሙ ማን ጋ ነው?»

ነገሩ ቀልድ ብቻ አይደለም፤ ታሪክ አለው። በ1997ቱ ምርጫ ከአዲስ አበባ ምክር ቤት 138 መቀመጫዎች 137ቱን ያሸነፈው የተቃዋሚዎች ጥምረት ቅንጅት፣ በ2000 ዓ.ም. ስሙ በምርጫ ቦርድ ውሳኔ ለአንደኛው ወገን ተሰጥቶ ሌሎቹ አዲስ ፓርቲ ለማቋቋም ተገደዱ። ያ አዲስ ፓርቲ አንድነት ተባለ። በጥር 2007፣ ምርጫው አራት ወር ሲቀረው፣ አንድነትም ሌላው ተቃዋሚ ፓርቲ መኢአድም በዚያው ቦርድ ውሳኔ ለአንደኛው ክንፍ ተሰጡ። ድምፅ የሰጠው ሕዝብ፣ መዋጮ የከፈለው አባል፣ የታሰረው ወጣት ሁሉ «እውቅናው የማን ነው?» በምትል ጥያቄ ተጠቃለለ።

ፓርቲ ማለት ማኅተም መሆኑ ከተረጋገጠ ሰውየው ለምን ያስፈልጋል? የሚቀጥለው ምርጫ ላይ እጩ ሆኖ የሚቀርበው ማኅተሙ ራሱ ይሁን።

እስቲ ጥቅሙን አስቡት። በ2011 የወጣው የምርጫ ሕግ አገር አቀፍ ፓርቲ ለመመሥረት 10,000 ሰው ይጠይቃል። 10,000 ሰው ለማግኘት አገር መዞር፣ ሻይ መጋበዝ፣ ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ሰው ማዳመጥ ይጠይቃል። ማኅተም ግን ጠዋት ታዝዞ ከሰዓት ይደርሳል። የምረጡኝ ዘመቻው ርካሽ ነው፤ ፖስተሩ ላይ ሐምራዊ ክብ ማሳረፍ ይበቃል። የቴሌቪዥን ክርክሩም ያምራል። ማኅተሞቹ ጠረጴዛ ላይ በየቀለም መያዣቸው ይቀመጣሉ። አወያዩ «በግብርና ፖሊሲ ላይ ሁለት ደቂቃ አለዎት» ይላል። የመጀመሪያው ማኅተም «ጧ!» ይላል። ሁለተኛው ተነሥቶ «ጧ! ጧ!» ሲል አወያዩ ሰዓት እንዲያከብር ያስጠነቅቀዋል። ማታ ተንታኞች ተሰብስበው የመጀመሪያው ጧ ድፍረት ቢኖረውም የማስፈጸሚያ ስልት እንደጎደለው፣ ሁለተኛው ደግሞ ራሱን እንደደገመ ያብራራሉ። እኔም «ፓርቲዎች በግብርና ላይ ጠንካራ ክርክር አካሄዱ» ብዬ እዘግባለሁ። ከእስካሁኑ ዘገባዬ ብዙም አይለይም።

ምክር ቤት ሲገባማ እንዴት ያለ ተወካይ ይወጣዋል! አያንቀላፋም፣ አበል አይጠይቅም፣ ውጭ አገር ለሥልጠና ሄዶ አይቀርም። የድጋፍ ድምፅ ሲጠየቅ ወረቀቱ ላይ ያርፋል። ሲቃወም ተገልብጦ ያርፋል። ቀለሙ የደረቀበት ድምፀ ተአቅቦ ተብሎ ይመዘገባል። ወደ ምርጫ ክልሉ ሲመለስ ደግሞ መራጩ በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ከተወካዩ የሚጠቅም ነገር ያገኛል፤ በዚህች አገር ያለ ማኅተም ከጠረጴዛ ጠረጴዛ የሚሻገር ማመልከቻ የለማ።

አንድ ስጋት አለኝ፤ ማኅተሙም የፓርቲ ባሕርይ ስላለበት መሰንጠቁ አይቀርም። አንድ ቀን ማለዳ በመጋዝ ለሁለት ይከፈላል። ግማሽ ክብ ሀ ባወጣው መግለጫ ግማሽ ክብ ለ የፓርቲውን መተዳደሪያ ደንብ ጥሶ ከመሃል መስመር እንዳፈነገጠ ያስታውቃል። ግማሽ ክብ ለ ደግሞ መያዣ እጀታው በእሱ በኩል ስለቀረ ሕጋዊው አመራር እሱ መሆኑን ይገልጻል። የአገር ሽማግሌዎች በሙጫ ሊያስታርቋቸው ይሞክራሉ። ሳይሳካ ይቀርና ሀ ለሁለት ይሰነጠቃል፤ ሩብ ክብ ሆኖ የቀረው ቁራጭ ከሌሎች ሰባት ሩቦች ጋር ግንባር ለመፍጠር የመግባቢያ ሰነድ ይፈራረማል። የስምንት ሩብ ድምር ሁለት ሙሉ ክብ ስለሚሆን ሊቀመንበሩም ሁለት ይሆናሉ። እኔ ነገ 4 ሰዓት እጠራለሁ፣ መግለጫው ይነበብልኛል። አራት ገጹን! ጮክ ተብሎ! በ5 ተኩል!

ገዢው ፓርቲ ከዚህ ጸጋ የተነፈገ እንዳይመስላችሁ። የእሱ መግለጫ በማታው ዜና ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይነበባል። ልዩነቱ ጥያቄ የሚያነሣ ዘጋቢ አለመኖሩ ነው።

አሁን ሽሙጡን ላቁም። አዳራሽ የተከለከለ፣ ሰልፍ የተከለከለ፣ አባሉ የታሰረ፣ ቢሮው የተዘጋ ፓርቲ መግለጫ ቢያወጣ አልስቅበትም፤ የቀረችው አፍ እሷ ናት። በ2002 የያኔው ገዢ ፓርቲ ኢሕአዴግ ከነአጋሮቹ ከ547 የፓርላማ መቀመጫ 545ቱን፣ በ2007 ደግሞ ሁሉንም የወሰደው ተቃዋሚው መግለጫ ስላበዛ አይደለም። በ2013 እሱን የተካው ብልጽግና ውጤታቸው ከተገለጸው 436 መቀመጫዎች 410ሩን ሲይዝም ያለ በቂ ምክንያት አልነበረም፤ ሥልጣን፣ ገንዘብና መዋቅር በአንድ እጅ ነበሩ።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ ግን እናንተን ተቃዋሚ ፓርቲዎችንም አልምርም። ደጃፋችሁ ላይ ፖሊስ ያልቆመበት፣ ስብሰባ ያልተከለከለበት ወረዳ አለ፤ እዚያም ሰው የላችሁም። አንደኛ የወጣ ብቻ በሚያልፍበት የምርጫ ሥርዓት፣ ቃል በቃል አንድ ዓይነት መግለጫ የምታወጡ ፓርቲዎች አንድ የምርጫ ክልል ላይ ለየብቻ እጩ ታቆማላችሁ። የተቃዋሚውን ድምፅ እናንተው ትቆራርሱና ማግስቱን «የሕዝብ ድምፅ ባከነ» ትሉኛላችሁ። ያባከናችሁት እናንተ ናችሁ። በ2013 ከተቃዋሚዎቹ ኢዜማ አራት፣ አብን አምስት፣ የጌዴኦ ሕዝብ ዴሞክራሲያዊ ድርጅት ሁለት መቀመጫ ነው ያገኙት። ተደምሮ 11 ነው። በእጄ ያለው የመግለጫ ክምር ከዚህ ይበልጣል።

በሕጉ መሠረት እያንዳንዱ ፓርቲ በየምርጫ ጣቢያው ወኪል ማስቀመጥ ይችላል። ቆጠራው ሲያልቅ ውጤቱ ጣቢያው ላይ ይለጠፋል፤ የራሱ ወኪል ያለው ፓርቲ ከዚያ ላይ ቁጥሩን ይይዛል፣ የሌለው መግለጫ ይጽፋል።

ስለዚህ ክቡራን ሊቃነ መናብርት፣ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ለሚቀጥለው ምርጫ በየትኛው ወረዳ፣ በስንት ጣቢያ ወኪል እንዳሠለጠናችሁ የሚያሳይ አንድ ገጽ ላኩልኝ፤ ማኅተም ባይኖረውም ግድ የለም። ካሜራዬን ይዤ ከ4 ሰዓት በፊት ደጃፋችሁ ላይ እገኛለሁ። እሱ ከሌለ አራት ገጻችሁን በቴሌግራም ላኩልኝ፤ ማንበብ እችላለሁ።