ኦሪጅናል መከራ

ኑሮ ለተመቸው ሰው ትልቁ ችግር ችግር ማጣት ነው። ደመወዙ በወሩ ይገባል፣ ውሃው አይቋረጥም፣ መብራቱ አይጠፋም፣ ሐኪሙ ቀጠሮ አክባሪ ነው። እንዲህ ያለው ሰው ዕድሜው ወደ ሃምሳ ሲጠጋ አንድ ሌሊት ከእንቅልፉ ብድግ ይልና ማንነቱ ይጠፋበታል። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣ የንስሐ አባት ይጠራል፣ አለዚያም ጠበል ይኬዳል። አውሮፓ ውስጥ ግን ሌላ መድኃኒት ተገኝቷል፤ ሞተር ሳይክል ገዝቶ፣ ከ15,000 ዩሮ በላይ መመዝገቢያ ከፍሎ፣ ሳዑዲ ዓረቢያ በረሃ ውስጥ ሁለት ሳምንት መንከራተት። ዳካር ራሊ ይባላል። ዳካር የሴኔጋል ከተማ አይደለችም እንዴ የሚል አንባቢ ልክ ነው፤ ነገር ግን ውድድሩ እ.ኤ.አ. በ2008 በሞሪታኒያ የጸጥታ ስጋት ተሰርዞ፣ በ2009 ወደ ደቡብ አሜሪካ ተሻግሮ፣ ከ2020 ጀምሮ ሳዑዲ ገብቷል። አሸዋ እስካለ ድረስ ስሙ አያሳስብም።

የምናገረው በፋብሪካ ቡድን ስለሚጋልቡት አይደለም። እነሱ እንጀራቸው ነው፤ ደመወዝ አላቸው፣ መካኒክ አላቸው፣ ጡንቻቸውን የሚያሽላቸው ሰው አላቸው። እኔ የማደንቀው አማተሩን ነው። የማሸነፍ ተስፋ የለውም፣ ማንም አላስገደደውም፣ ከኪሱ ከፍሎ ይሰቃያል። አባቶቻችን «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ያሉት ይህን ሰው ሳያዩት ነበር፤ ቢያዩት ተረቱን በምን እንደሚያሻሽሉት እንጃ።

የዚህ በጎ አድራጎት መሥራች ፈረንሳዊው ቴሪ ሳቢን ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 ከአቢጃን እስከ ኒስ በተካሄደ ራሊ ላይ ሞተሩን እየነዳ ሊቢያ በረሃ ውስጥ ጠፋ፤ በውሃ ጥም ሊሞት ሲል ተገኘ። እኔና አንተ ብንሆን፣ ወዳጄ፣ ከዚያ ተርፈን ቤታችን ስንገባ ስለት እናስገባለን፣ ጎረቤት ጠርተን እናበላለን፣ ከዚያ በኋላ አሸዋ የምናየው ቤት ስንሠራ ብቻ ነው። ሳቢን ግን ደግ ሰው ነበርና ይህን ጸጋ ብቻውን መብላት ነውር መስሎ ታየው። በቀጣዩ ዓመት፣ ዲሴምበር 26 ቀን 1978፣ 182 ተሽከርካሪዎችን ከፓሪስ አስነሥቶ ወደ ሰሃራ ነዳቸው። ዳካር የደረሱት 74 ናቸው። መፈክሩም ለሚሄዱት ፈተና፣ ለሚቀሩት ሕልም የሚል ነበር።

ወደ ሂሳቡ እንምጣ። መመዝገቢያው ገና መግቢያ በር ነው። ከ450 ሲሲ የማይበልጥ የራሊ ሞተር አለ፣ መለዋወጫ አለ፣ ልብስና ሄልሜት አለ፣ አደጋ ሲደርስ እንደ ኳስ የሚነፋ ሰደርያ አለ፣ ልምምድ አለ። ሲደማመር ከ60,000 ዩሮ የሚያልፍበት ጊዜ ብዙ ነው። ገንዘብ ስላለህ ብቻ ደግሞ አትገባም፤ መጀመሪያ ሌላ የታወቀ ራሊ ጨርሰህ መገኘት አለብህ። ለመሰቃየትም የሥራ ልምድ ይጠየቃል ማለት ነው። ገንዘቡ ያነሰው መዋጮ ይለምናል፤ የሰፈሩን ዳቦ ቤት፣ የሚስቱን ወንድም፣ የድሮ አለቃውን። በለውጡ የዳቦ ቤቱ ስም ሞተሩ ላይ ይለጠፋል፤ ስሙም በረሃ ለበረሃ ተንከራትቶ ከአንድ ግመል ሌላ ማንም ሳያነበው ይመለሳል።

ከአማተሮቹ መካከል ደግሞ ቅዱሳኑ አሉ። የሚወዳደሩበት ምድብ «ኦሪጅናል» ይባላል። እዚህ ምድብ ውስጥ የገባ ሰው መካኒክ የለውም፣ ረዳት የለውም፣ የሚተኛበት መኪና የለውም። ያለው 80 ሊትር የምትይዝ ሳጥን፣ ትርፍ ጎማ፣ ድንኳንና የመኝታ ከረጢት ነው። እነሱንም አዘጋጆቹ ከሰፈር ሰፈር ይጭኑለታል፤ እስከዚህ ድረስ ርኅራኄ አለ።

እስቲ ማታ ላይ እንየው። መሪዎቹ ከቀትር በኋላ ገብተው፣ ታጥበው፣ ታሽተው፣ በልተው ተኝተዋል። የእኛ ሰው ከመሸ ይገባል። ሄልሜቱን ሲያወልቅ ፊቱ ላይ የመነጽሩ ቅርጽ ብቻ ንጹሕ ነው። ፓስታ በሳህን ይቀበልና ቆሞ ይበላል፤ ከተቀመጠ እንደማይነሣ ያውቃልና። ከዚያ ሳጥኑን ከፍቶ፣ የግንባር ባትሪ አስሮ፣ ሸራ ላይ ይንበረከካል። ዘይት ይቀይራል። በአሸዋ የታፈነውን ፊልትሮ ያወጣል። ጎማው ውስጥ አየር የለም፤ እንዳይፈነዳ ተብሎ ወፍራም ስፖንጅ ተሞልቷል፤ ያንን አውጥቶ አዲስ ማስገባት የሚታገልን አውሬ ጆንያ ውስጥ እንደ መክተት ነው። በጉልበቱ ይጫናል፣ በብረት ይፈለቅቃል፣ ብረቱ ያመልጥና ጉልበቱን ይለዋል፤ በሀገሩ ቋንቋ ይሳደባል፤ እንደገና ይጫናል። ዙሪያውን ጄኔሬተር ሌሊቱን ሙሉ ያጓራል። የጥር በረሃ ብርዱ አጥንት ይገባል። ሦስት ሰዓት ያህል ተኝቶ ጎህ ሳይቀድ ይነሣና ድንኳኑን ይጠቀልላል። ይህንኑ የጎማ ሥራ መገናኛ አካባቢ ያለ ጎሚስታ ዝናብ እየዘነበበት ከጧት እስከ ማታ ይሠራዋል፤ አንድም ሰው ከውስጥህ ምን አገኘህ ብሎ ጠይቆት አያውቅም።

ቀኑ ደግሞ የባሰ ነው። መንገዱን የሚያሳየው ጂፒኤስ አይፈቀድለትም፤ እየቆመ ምልክት ያነባል፣ በዲግሪ አቅጣጫ ይቆጥራል፣ የተደበቀ ነጥብ ከሳተ በሰዓት ይቀጣል። እ.ኤ.አ. በ2024 አዘጋጆቹ ምቾቱ በዝቷል ብለው ነው መሰለኝ፣ ሩብ አል ኻሊ በሚባለው ባዶ በረሃ ውስጥ የ48 ሰዓት ዙር ጨመሩ። ከቀኑ 10 ሰዓት ሲሆን ሁሉም ባለበት አቅራቢያ ባለ ሰፈር ቆመ፤ ድንኳን፣ የመኝታ ከረጢትና የወታደር ስንቅ ተሰጠው፤ ማን እየመራ እንደሆነ ሳያውቅ አደረ። መመዝገቢያ የተከፈለበት ረሃብና ብቸኝነት ነው እንግዲህ፤ ጥራቱ የተጠበቀ። ሞተሩ ቢሰበርበትና ከውድድሩ ቢወጣስ? አይዞህ፣ ጆከር የሚባል ነገር አለ። ጆከሩን መዝዞ፣ ከደረጃ ሰንጠረዡ ውጭ ሆኖ በማግሥቱ መቀጠል ይችላል። ማሸነፍ ቀርቶበታል፤ መከራው ግን አይቀርበትም። የከፈለው ለዚያ ነዋ!

በዚህ ታሪክ ውስጥ እኛም ድርሻ አለን። «አፍሪካዊው» የሚል ቅጽል የወጣለት ኡበር ኦሪዮል እ.ኤ.አ. በ1952 የተወለደው አዲስ አበባ ነው። በሞተር ሳይክል በ1981 እና በ1983፣ በመኪና በ1992 አሸንፎ በሁለቱም ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። የሚታወሰው ግን በተሸነፈበት በ1987 ነው። እየመራ ሳለ መጨረሻው አጠገብ ወድቆ ሁለቱም ቁርጭምጭሚቶቹ ተሰበሩ፤ እንደዚያው ሆኖ እስከ ዕለቱ መጨረሻ ነዳ፤ ከሞተሩ ሲያወርዱት ያለቅስ ነበር። ኦሪዮል ድሉ በእጁ ስለነበር አለቀሰለት፤ ይገባኛል። ከመቶኛ ቦታ በታች ሆኖ ያ ለቅሶ የተቀረጸበትን ፊልም እያየ የሚነሸጠውን አማተር ግን ምን ልበለው? እሱ ከታሪኩ የወሰደው ቁርጭምጭሚቱን ነው።

መፈክሩ ላይ «ለሚቀሩት» የተባለውም አይረሳ። በአፍሪካው ዘመን የሚቀሩት ባለመንደሮቹ ነበሩ። መንገድ ዳር ቆመው ሲያዩ ተገጭተው የሞቱ አሉ፤ ሕፃናትም አሉባቸው። ሕልሙ በዚህ መልኩ ደርሷቸዋል። ሳቢንም ራሱ ጃንዋሪ 14 ቀን 1986 ማሊ ውስጥ ሄሊኮፕተሩ ወድቆ፣ ከዘፋኙ ዳንኤል ባላቮዋንና ከሌሎች ሦስት ሰዎች ጋር ሞተ። በዚህ ላይ አልቀልድም።

የምቀልደው በመጥፋት ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 የብሪታኒያዋ ጠቅላይ ሚኒስትር ልጅ ማርክ ታቸር በመኪና ሲወዳደር ሰሃራ ውስጥ ስድስት ቀን ጠፋ፤ አባቱ አልጄሪያ ድረስ በረረ፤ የአልጄሪያ ጦር በአውሮፕላን አሰሰው፤ ተገኘ። ዛሬ ደግሞ እያንዳንዱ ሞተር ላይ ያለበትን ቦታ የሚናገር መሣሪያ አለ፤ አዝራር ሲጫን ሐኪም የጫነ ሄሊኮፕተር ይነሣል። መከራው ኦሪጅናል ነው፤ መውጫው ግን በኢንሹራንስ ነው።

እዚያው ሳዑዲ ለመግባት ከወሎና ከሌሎችም አካባቢዎች ተነሥቶ በአፋር በኩል ጅቡቲ የሚወርድ፣ በአሳል ሐይቅ ዳርቻ በእግሩ አልፎ ኦቦክ የሚደርስ፣ ከዚያም በጀልባ ወደ የመን የሚሻገር ልጅ አለ። ሂውማን ራይትስ ዎች እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት የሳዑዲ ድንበር ጠባቂዎች በመቶ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ስደተኞችን ገድለዋል ብሏል፤ የሳዑዲ መንግሥት ክሱን መሠረት የለውም ሲል አስተባብሏል። በአንድ ሀገር ለውድድሩ ለገባው ሰው የእንኳን ደህና መጣህ ባንዲራ ይውለበለባል። በደቡብ በኩል የሚገባውን ደግሞ ማንም አልመዘገበውም።

ስለዚህ አንድ የሥራ ሐሳብ አለኝ። የአውሮፓ አማተር ኦሪጅናል ነገር ከፈለገ እኛ ከዳካሩ የበለጠ ኦሪጅናል አለን። መነሻ ወሎ፣ መድረሻ የሳዑዲዋ ጂዛን። ሞተር ሳይክል አይፈቀድም፣ ሸበጥ ይበቃል። በ80 ሊትር ሳጥን ፈንታ ባለ ሁለት ሊትር የውሃ ኮዳ ይታደላል፤ ሲያልቅ ሌላ የለም። አቅጣጫ የሚያሳየው ደላላ ነው፤ ነጥብ የሳተ ሰው ቅጣቱን ለደላላው ይከፍላል፤ መክፈል ካልቻለ ይታገትና ለቤተሰቡ ይደወላል። በጥር ቅዝቃዜ ብቻ አይደለም፤ በሰኔ ሐሩርም ይካሄዳል። ማሰሻ አውሮፕላን አይኖርም፣ ጆከርም የለም። ለስፖንሰርነት ቤተሰብ አንድ በሬ ይሸጣል፤ የበሬው ስም ግን የትም አይለጠፍም። ሜዳሊያውን በተመለከተ ገና አልተወሰነም፤ እስካሁን ከጨረሱት መካከል መጥቶ የጠየቀን የለም።