ምኞት በቅድሚያ ክፍያ

«ፋንታሲ አይላንድ»ን ዛሬ ተመልሶ ማየት ለሚያምረው ሰው አንድ ምክር አለኝ፦ ከአክስቱ ጋር አይየው።

እቴቴ ከአዲስ አበባ ሎስ አንጀለስ ከገቡ ጀምሮ ሌሊትና ቀኑ ተገለባብጦባቸዋል። ብቻዬን ላየው ያሰብኩትን ድራማ ገና ከመክፈቴ ነጠላቸውን አጣፍተው ጎኔ ዱብ አሉ። «ምንድን ነው እሱ?»

አስረዳኋቸው። እ.ኤ.አ. ከ1978 እስከ 1984 ኤቢሲ ያሳየው የነበረ ነው። ምኞት ያለው ሰው በትንሽ አውሮፕላን ወደ አንድ ደሴት ይመጣል፤ ታቱ የሚባል ቁመተ አጭር ሰው ማማ ላይ ወጥቶ ደወል እየደወለ መምጣቱን ያበስራል፤ ነጭ ሙሉ ልብስ የለበሰው ሚስተር ሮርክ ደግሞ ምኞቱን ይፈጽምለታል።

«በነፃ?»

«ኧረ በክፍያ ነው። በ1977 በወጣው የመጀመሪያ ፊልም ላይ ዋጋው 50,000 ዶላር ነው።»

«አስቀድሞ?»

«አዎ፣ አስቀድሞ።»

እቴቴ ታኅሣሥ 19 ቀን ከቁልቢ ገብርኤል የማይቀሩ ሴት ናቸው። «ወግድ! ስለት ሲደርስልህ ነው የምታገባው። ካልደረሰልህ ምን ብለህ ጃንጥላ ትሰጣለህ? ይሄ ሰውዬ ደላላ ነው።»

ለነገሩ ደሴቲቱ የተወለደችውም ከገበያ ነው። አዘጋጁ አሮን ስፔሊንግ ሲያወራው እንደኖረው፣ እሱና ሊዮናርድ ጎልድበርግ ለጣቢያው ኃላፊ ያቀረቡት ሐሳብ ሁሉ ውድቅ ሆነባቸው። ስፔሊንግ ሲመረው፣ ሰው ያማረውን ሁሉ የሚያገኝበት ደሴት ነው የምትፈልጉት ብሎ አሾፈ። ሰውየው ሹፈቱን ወደደው።

የመረጥኩት ክፍል በ1980 የታየ ነው። ሮዲ ማክዳዋል ዲያብሎስን ሆኖ ይጫወታል። አንዲት ሴት ባሏን ከሞት ለማትረፍ ነፍሷን ሸጣለታለች፤ አሁን ቀኑ ደርሶ ሮርክ እንዲያስጥላት መጥታለች። ድሮ በድጋሚ ሲያሳዩት አይቼው እንቅልፍ ነስቶኝ ነበር። አሁን ሳየው ግን ዲያብሎሱ ንግግሩ የታረመ፣ ልብሱ የተተኮሰ የባንክ ሥራ አስኪያጅ ይመስላል። እቴቴም አልፈሩትም። አንድ ጊዜ አማተቡና ወደ ፍሬ ነገሩ ገቡ።

«እማኞቹ የታሉ?»

«የምን እማኝ?»

«ውሉ ሲፈረም የነበሩ ነዋ! ሁለት እማኝ የሌለበት ወረቀት ምን ውል ይባላል? ይግባኝ ትበል!» ዕድሜያቸውን በመሬት ክርክር ፍርድ ቤት ሲመላለሱ የኖሩ ናቸው። ሮርክ ከዲያብሎስ ጋር ሲፋጠጥ፣ ያ ሁሉ ጭስ ሲጨስ፣ እቴቴ ስለ ይርጋ እያወሩ ነበር። እንዴት እንዳለቀ አልሰማሁም።

ሲነጋ «ደሴቱን አሳየኝ» አሉ።

ደሴቱ የለም። መክፈቻው ላይ የሚታየው ፏፏቴና አረንጓዴ ተራራ የሐዋይዋ የካዋይ ነው። የደወሉ ቤት ግን እዚሁ ሎስ አንጀለስ አጠገብ፣ አርኬዲያ በሚባል ከተማ የዕፅዋት ማዕከል ውስጥ ይገኛል። ቦልድዊን የተባለ ባለጸጋ በ1880ዎቹ ያሠራው ኩዊን አን ኮቴጅ ነው። ይኸው ሰው ጣዎሶችም አስመጥቶ ነበር፤ ዘሮቻቸው ዛሬ ከተማውን ወርሰውታል።

ከመኪና ከመውረዳችን አንዱ ጣዎስ ከች አለ። ጥቁር መኪናዬን በዋዜማው አሳጥቤያት ነበርና በሩ ላይ የገዛ መልኩን አየ። ባላንጣ መሰለው። ጅራቱን ዘርግቶ በመንቁሩ ያጣድፈው ጀመር። «እሽ!» ብል ወደ እኔ ዞረ፤ እኔም ወደ ኋላ ወንበር ገብቼ በሩን ዘጋሁ። እቴቴ በጃንጥላቸው እየመከቱ «ውጣ! ወንድ አይደለህም?» ይላሉ፤ አላፊ አግዳሚው ስልኩን አውጥቶ ይቀርጻል። ኋላ የኢንሹራንስ ሠራተኛዋ «ጉዳት ያደረሰው ወገን ማነው?» ስትለኝ የምመልሰው ጠፋኝ። ከእጀታው በታች ቀለሙ ተልጧል።

ቤቱ በነጭና በቀይ የተቀባ፣ ደስ የሚል የእንጨት ቤት ነው፤ ከቅርብ ሲያዩት ግን ትንሽ ነው። እቴቴ ማማውን ቀና ብለው አይተው «ያ ደዋዩስ የት ደረሰ?» አሉ።

ነገርኳቸው። ኤርቬ ቪልሼዝ የፓሪስ ልጅ ነበር። ክፍያው ከሮርኩ ከሪካርዶ ሞንታልባን ጋር እንዲስተካከልለት ጠየቀ፤ አልተሰማም፤ በ1983 ከድራማው ወጣ። በቦታው ሌላ ረዳት ገባ፤ በዓመቱ፣ በ1984፣ ድራማው ተዘጋ።