የዴንቨር ሒሳብ በቂሊንጦ ዋልካ

ቂሊንጦ የሚሄድ ሰው ምክንያቱን አስቀድሞ መናገር አለበት። «ቅዳሜ ቂሊንጦ ነኝ» ብዬ እናቴ ጋ ብደውል፣ «ውይ! ማን ታሰረ?» አለችኝ። ማንም እንዳልታሰረ፣ መኪና ልናይ እንደምንሄድ ብነግራትም አላመነችም። እሷ ዘንድ ቂሊንጦ ማለት ማረሚያ ቤቱ ነው። የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲም እዚያ ነው እኮ፣ የመድኃኒት ኢንዱስትሪ ፓርክም አለ፣ ዋልያ ቢራም የሚጠመቀው እዚያ ነው እያልኩ ስዘረዝርላት፣ ቢራው ላይ ስደርስ ድምጿ ተስተካከለ። «እንደዚያ አትለኝም ታዲያ!» ብላ ስልኩን ዘጋችው። እስከዛሬ ያን ቅዳሜ ቢራ ስጠጣ የዋልኩ ይመስላታል። ምነው በሆነ!

ጣጣውን ያመጣው የአክስቴ ልጅ ነው። ዴንቨር ውስጥ የጭነት መኪና እየነዳ ይኖራል፤ ለራሱ ደግሞ ራም የሚባለውን ግዙፍ ፒክ አፕ ገዝቷል። ክረምት ላይ የመጣው ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ ከቂሊንጦ አደባባይ ራቅ ብሎ የብሎኬት ማምረቻ ሊተክል ነበር። ለብሎኬቱ ፒክ አፕ ያስፈልጋል። ፒክ አፕ ለመግዛት ደግሞ፣ በእሱ ሃይማኖት፣ መጀመሪያ ሞተር ማወዳደር ያስፈልጋል። እኔን ያስከተለኝ ለምስክርነት ይሁን ለድርድር አልገባኝም። እኔ ስለ መኪና የማውቀው ታሪፉን ብቻ ነው።

መንገድ ላይ ትምህርቱን ጀመረ። አሜሪካ ውስጥ ይሄ ነገር እንደኛ የጊዮርጊስና የቡና ጉዳይ ነው አለኝ፤ ያውም ሦስት ክለብ ሆኖ። ከባድ ፒክ አፕ የሚገዛ ሰው ወይ የራምን ከሚንስ፣ ወይ የፎርድን ፓወር ስትሮክ፣ ወይ የጄኔራል ሞተርስን ዱራማክስ ይደግፋል። ሦስቱም ናፍጣ ናቸው፤ ሦስቱም ባለ 6 ነጥብ ምናምን ሊትር ናቸው። ፎርድ እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ ጉልበታም ባለው ዓይነቱ 500 የፈረስ ጉልበትና ከ1,600 ኒውተን ሜትር በላይ ቶርክ አወጣሁ ይላል። ዱራማክስ 470 ፈረስ አለው፤ ከሚንስ 430። ከሚንስ በፈረስ ቁጥር መጨረሻ መውጣቱን የአክስቴ ልጅ ፈጠን ብሎ አለፈው። «ፈረሱን ተወው!» አለኝ። «የኔው ስድስቱን ሲሊንደር በአንድ ረድፍ የደረደረ ነው። ክራንክ ሻፍቱን ሰባት ቦታ ላይ ይይዘዋል። እነዚያ ስምንቱን በቪ ቅርፅ ያደረጉት ግን አምስት ቦታ ላይ ብቻ ነው የሚይዙት።» ስለ ክራንክ ሻፍት ሲያወራ ያየሁበትን ፍቅር ስለ ሁለቱ ልጆቹ ሲያወራ አላየሁበትም።

ዱራማክስን ደግሞ ሊያጣጥልልኝ ብሎ ይበልጥ አስወደደኝ። ሞተሩን ጄኔራል ሞተርስ ብቻውን አልሠራውም፤ ከአይሱዙ ጋር ዲማክስ የሚባል ኩባንያ ኦሃዮ ላይ አቋቁመው ነው ያወጡት። አይሱዙ! ጤፉን ከጎጃም፣ ቲማቲሙን ከመቂ ሌሊቱን ሙሉ እየከነፈ የሚያመጣልን፣ ከፍጥነቱ የተነሣ ሕዝቡ «አልቃይዳ» ብሎ ስም ያወጣለት አይሱዙ፣ አሜሪካ ገብቶ የከብት ጋሪ ይጎትታል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ በሆዴ የዱራማክስ ደጋፊ ሆኜ ቂሊንጦ ደረስኩ።

ደላላው ሦስት መኪና በአንድ ግቢ ሰብስቦ ጠበቀን። ኤሌክትሪክ ካልሆነ አውቶሞቢል ወደ አገር አይገባም ከተባለ ከጥር 2016 ወዲህ፣ የናፍጣ ፒክ አፕ ያለው ሰው አረማመዱ ሁሉ ተለውጧል፤ ዋጋ ሲጠሩልህ ፊትህን አያዩም። አንደኛው መኪና ባለ 2.8 ሊትር ሃይሉክስ ደብል ጋቢና ነው፤ የአንድ ኮንትራክተር ሹፌር ይዞት መጥቷል። ሁለተኛው ላንድክሩዘር ፒክ አፕ፣ ያ መሥሪያ ቤቱም ፖሊሱም ዩኤኑም የሚያውቀው፤ ባለቤቷ አትክልት የምታከፋፍል እትዬ ናት። ሦስተኛው የቻይና ፒክ አፕ ነው። ባለቤቱ የሆነው ጎልማሳ ከመኪናው ይልቅ ሰዓቱን ያይ ነበር።

ለምርመራው አንድ አዛውንት ፖምፒስታ፣ ማለትም የናፍጣ ፖምፓ ባለሙያ፣ አስጠርተናል። ጋሼ ገና ከሰላምታው መዳፋቸውን ሃይሉክሱ ኮፈን ላይ አሳረፉና፣ «ይሄ ጠዋት ተነስቷል» አሉ። ናፍጣ ሞተር ችግሩን የሚናገረው በብርድ ሲነሳ ነው፤ ሻጭ አስቀድሞ አሙቆ ከጠበቀህ፣ ወይ እንግዳ አክባሪ ነው ወይ የሚደብቀው ነገር አለ። ከዚያ ሦስቱንም አስነሥተው የዘይት ክዳናቸውን እየፈቱ፣ ገልብጠው አፉ ላይ አስቀመጧቸው። ክዳኑ ከዘለለ ፋሻው አልቋል፣ ግፊቱ ከፒስተኑ ሥር እያመለጠ ነው ማለት ነው። የእትዬ ክዳን ትንሽ ተንቀጠቀጠ እንጂ አልዘለለም። እትዬ ቆማ እያየች፣ «አሥር ዓመት ስጭንበት አንድ ቀን ክዳኑን አስጨፍሬ አላውቅም» አለች።

የአክስቴ ልጅ ስልኩን አወጣና የሞተሮቹን ቁጥር ፈለገ። ቁጥሩ ለእትዬ መኪና አሳፋሪ ነበር። ላንድክሩዘሩ ውስጥ ያለው ዋን ኤች ዜድ የሚባለው ሞተር ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ የሚሠራ፣ 4.2 ሊትር፣ ስድስት ሲሊንደር፣ ቱርቦ የለውም፣ ኮምፒውተር የለውም። ቶርኩ 285 ኒውተን ሜትር ነው። የሃይሉክሱ ሞተር በመጠን ከእሱ በአንድ ሦስተኛ ያንሳል፤ ግን 420 ያወጣል። «እንዴት ነው ታናሹ ታላቁን የሚበልጠው?» ብዬ ጠየቅሁ። ቱርቦው አየር ጠቅጥቆ ያስገባለታል፣ ናፍጣው ደግሞ ከአንድ ሺህ ባር በላይ በሆነ ግፊት ተረጭቶ እንደ ጉም ይበተናል አለኝ። እዚህ ላይ ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ይኼ የስልክህ ቁጥር የት አገር የተለካ ነው?»

«ፋብሪካ ውስጥ ነዋ፣ ጋሼ።»

«ፋብሪካው ባሕር ዳርቻ ነው። ቂሊንጦ ግን ደጋ ነው።»

የአክስቴ ልጅ ዴንቨርም 1,600 ሜትር ከፍታ ላይ ናት ብሎ ሊከራከር ሞከረ። ቂሊንጦ ግን ከ2,000 ሜትር በላይ ነው፤ እዚህ የሚተነፈሰው አየር ከባሕር ጠረፍ አየር አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ሰው ቢለምደውም ሞተር አይለምደውም። ቱርቦ ያለው አየሩን በግድ ስለሚስብ ብዙ አይጎዳም። ቱርቦ የሌለው ግን ካለው ጉልበት ላይ አንድ አምስተኛውን ገና ከጅቡቲ ሲወጣ መንገድ ላይ ጥሎ ነው የሚመጣው። ፖምፓው ደግሞ ይሄን ስለማያውቅ የለመደውን ናፍጣ ይልካል፤ አየር ያላገኘው ናፍጣ ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል። «ስለዚህ የእትዬ 285 እዚህ 230ም አይሞላም» አሉ ጋሼ። የአክስቴ ልጅ በደስታ እጁን አጨበጨበ። እትዬ ጋሼን ያየችበት ዓይን፣ ከእንግዲህ ከእሷ ዘንድ ሽንኩርት በዱቤ እንደማያገኙ የሚናገር ነበር።

የቻይናው ተረስቶ ነበር። ጋሼ ኮፈኑን ከፍተው ሲያዩ ግን ሳቁ። ባለ 2.8 ሊትር ሞተሩ ከአይሱዙ ፎር ጄ ቢ ዋን የተቀዳ ነው፤ ቻይኖቹ በፈቃድ መሥራት ጀምረው ዛሬም ድረስ አልተዉትም። በቅሎን «አባትሽ ማነው?» ቢሏት «ፈረስ አጎቴ ነው» አለች ይባላል፤ ባለቤቱም ሰዓቱን ማየቱን ትቶ፣ «የአይሱዙ ሞተር እኮ ነው!» ሲል ዋለ።

ሐሳቡን ያመጣው የአክስቴ ልጅ ነው። ሦስቱም ሃያ ሃያ ከረጢት ሲሚንቶ፣ ማለትም አንድ አንድ ቶን ጭነው፣ ከአስፋልቱ ተነሥተው እስከ ብሎኬት ማምረቻው ይሂዱ፤ እኛ ሰዓት እንይዛለን። ሳይንሳዊ ፈተና ነው አለ። እትዬ ጥቂት አሰበችና፣ «ሲሚንቶው የማነው?» አለች።

«የኔ ነው።»

«የሚራገፈውስ?»

«እኔው ጋ።»

«ስድሳ ከረጢትህን በነጻ ልታስጭን ነው እንግዲህ። ሳይንስ ጥሩ ነገር ነው» ብላ የጭነት ሒሳብ አስቀድማ ተቀበለች። ሌሎቹም ሰምተው ተቀበሉ።

መጀመሪያ ሃይሉክሱ ወጣ። አወጣጡ ያምራል፤ ድምፅ የለው፣ ጭስ የለው፣ ቁልቁለት የሚሄድ ነው የሚመስለው። የአክስቴ ልጅ «ቶርክ ማለት ይሄ ነው!» እያለ ሰዓቱን ይዞ ሲዘል፣ መኪናው ከመንገዱ ግማሽ ላይ አንድ ቢጫ መብራት አበራና ጉልበቱን ሰበሰበ። ሹፌሩ ይረግጣል፣ መኪናው ያስባል። ጋሼ በእግራቸው ደርሰው የናፍጣ ማጣሪያውን ሥር ፈቱና የሚወርደውን በሃይላንድ ጠርሙስ ተቀበሉት። ጥቂት ሲቆይ ጠርሙሱ ውስጥ ለሁለት ተከፈለ፤ ከላይ ናፍጣ፣ ከታች ውሃ። ያን ሁሉ ግፊት የሚችለው መርጫ ቀዳዳው እንደ ፀጉር የቀጠነ ነው፤ ውሃና ቆሻሻ ከገባበት ያልቃል፣ ዋጋውም ልብ ያቆማል። ስለዚህ ኮምፒውተሩ ሞተሩን ለማዳን ሲል ጉልበቱን ይነሳዋል። «ውሃውን ማን ጨመረው?» ስል ሁሉም ወደ ሰማይ አዩ፤ ማደያ የሚያማ አልነበረም።

ቀጥሎ የቻይናው ሄደ። ስለ እሱ የምለው ብዙ የለኝም። እየጮኸ ሄደ፣ እየጮኸ ደረሰ፣ አራግፎ ተመለሰ። ሰዓት መያዙን ሁላችንም ረስተን ነበር።

እትዬ ማንንም አላስነዳችም፤ ራሷ መሪ ጨበጠች። ስትረግጠው የወጣው ጭስ ለጊዜው ኢንዱስትሪ ፓርኩን ሰወረብን። ግን ሄደች። ቀስ እያለች፣ ማርሽ ሳትቀያይር፣ የቆመውን ሃይሉክስ በጎን አለፈችው። ቤት ሠርቶ የሚያውቅ የቂሊንጦን አፈር ያውቃል። ጥቁር ዋልካ ነው፤ በጋ ላይ ይሰነጠቃል፣ ክረምት ላይ ያብጣል፤ መሠረት የሚያወጣ ሰው መጀመሪያ እሱን ቆፍሮ ጥሎ ገረጋንቲ ይሞላል። መንገዱ ላይ ያን ያደረገ ሰው አልነበረም። ሃይሉክሱን ለማለፍ ከመስመሩ የወጣችው እትዬ በግራ በኩል እስከ አክስሉ ድረስ ዋልካ ውስጥ ገባች። አራቱም ጎማ ይዞራል፤ መኪናው ግን የሚሄደው ወደ ታች ብቻ ነው። 285ም ሆነ 420፣ የዴንቨሩም ያ ሁሉ ኒውተን ሜትር ቢመጣ፣ ጎማው የሚይዘው ነገር ካላገኘ ጭቃ ከማቡካት በቀር ሥራ የለውም።

ዝናቡ የመጣው ይሄኔ ነው። ሸራ ይዞ የመጣ ሰው አልነበረም፤ ሳይንሱ ውስጥ ሸራ አልተካተተም። አርባ ከረጢት ሲሚንቶ በሁለት መኪና ላይ ዝናብ ሲጠጣ፣ እኛ ሃይሉክሱ ጋቢና ውስጥ ታጭቀን እናያለን። የአክስቴ ልጅ ኮቱን አውልቆ የተወሰኑትን ከረጢቶች ሊያለብስ ወጣ። ኮቱም ተለሰነ።

ያወጣን ሲኖትራክ ነው። ገረጋንቲ ጭኖ ወደ አንድ ግንባታ ሲያልፍ እትዬ መሃል መንገድ ቆማ አስቆመችው። መጎተት አልፈልግም አለ፤ ግን በስምምነት ከጭነቱ ላይ ጥቂት አካፍሎ ጎማዎቹ ሥር አስደፋላትና አካፋ አበደረን። ላንድክሩዘሩ ገረጋንቲው ላይ ሲወጣ አንድ ጊዜ አጓርቶ፣ ጥቁር ጭሱን ፊታችን ላይ ተፍቶ ደረቅ መሬት ያዘ።

የአክስቴ ልጅ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ለብሶ፣ «እትዬ፣ ጠዋት ባሉት ዋጋ ወስጄዋለሁ» አለ። እዚህ ላይ ነው ነገር የተበላሸው። እትዬ ቀኑን ሙሉ ሰምታለች። ኮምፒውተር እንደሌለው፣ ውሃ ያለበት ናፍጣ ብዙ እንደማያሳስበው፣ ፖምፓውን ጋሼ በመፍቻ ብቻ እንደሚያስተካክሉት፣ ሞተሩ ገና እንዳልወረደ፣ ሁሉንም የነገርናት እኛው ነን።

«የጠዋቱ ዋጋ ሳላውቀው የጠራሁት ነው» አለች።

«አሁንስ?»

«አሁንማ አልሸጠውም። አዲስ ናፍጣ አይገባ፣ ይሄን ሰጥቼ በምን ልጭን ነው?»

ሃይሉክሱ በገመድ ተጎትቶ ወደ ጋራዥ ሄደ። ሲሚንቶው በማግሥቱ በየከረጢቱ ድንጋይ ሆኖ ተገኘ። የአክስቴ ልጅ የቀረውን የቻይና መኪና ገዛ። ጋሼ ምርጫውን አልነቀፉትም፤ የዚህ ሞተር ዕቃ አይሱዙ ባለበት ሁሉ አይጠፋም፣ ያ ማለት ደግሞ አገሩ ሁሉ ነው አሉት።

የአክስቴ ልጅ ወደ ዴንቨር ተመልሷል፣ መኪናው ብሎኬት ያመላልሳል። እየደወለ ሹፌሩን ስለ ጉልበቱ ይጠይቀዋል፤ ሹፌሩ በኒውተን ሜትር አያወራም፤ «ትናንት 25 ኩንታል ነው የጫንኩበት» ይለዋል። የአክስቴ ልጅ ደንግጦ የመኪናውን መመሪያ በቴሌግራም ላከልኝና እንዳነብለት አዘዘኝ። አሥር ኩንታል ገደማ ነው የሚለው። ቂሊንጦ ወርጄ አነበብኩለት። ሹፌሩ በትዕግሥት ሰምቶኝ፣ «እሱ እኮ ባሌስትራ ሳይጨመርለት ነው» አለኝ።