"ጌት"ን ሳያውቁ ለማርጀት

እንግሊዝኛ እየተማሩ ከሆነና ድካምዎ መና እንዲቀር ከፈለጉ "ጌት" ከተባለው ግስ ይጀምሩ። መዝገበ ቃላቱን ይግለጡ፤ "አገኘ" የምትለዋን ደብተርዎ ላይ ይገልብጡና መጽሐፉን ይክደኑት። ወደ ታች ወርደው አያንብቡ። እዚያ ደረሰ፣ ገዛ፣ ገባው፣ ሄዶ አመጣ፣ ሆነ የሚሉ ፍቺዎች ተሰልፈዋል፤ ሐሳብዎን ይበትኑብዎታል።

ከዚያ በዚችው በአንዷ ፍቺ ሥራ ይግቡ። አሜሪካ ውስጥ አለቃዎ "ጌት ባክ ቱ ሚ ባይ ፍራይደይ" ብላ ከጻፈችልዎ ዓርብ ጠዋት ሄደው ቢሮዋ በር ላይ ይቁሙ። እሷ የጠበቀችው እስከ ዓርብ መልስ እንዲልኩላት ነበር። ስልክ ሲጮኽ ባልደረባዎ "አይል ጌት ኢት" ካለ "አገኘዋለሁ" እንዳለ ቆጥረው ተሽቀዳድመው ያንሱት፤ "እኔ አነሳዋለሁ" ማለቱ ነው። መንገድ የጠፋባቸው አዛውንት ካጋጠሙዎት ደግሞ "ዲድ ዩ" የምትለዋን ቆርጠው ይጣሉና "ጌት ሎስት" ይበሏቸው። መንገድ ጠፋብዎት ወይ ለማለት አስበው "ከፊቴ ጥፋ" ብለዋቸው ያልፋሉ። ይህኛው እንኳ ባይደረግ ይሻላል፤ ሰው ያስቀይማል።

ዋናው ጥንቃቄ ግን አማርኛዎ እንዳያግዝዎ መከልከል ነው። እኛ ደከመኝ፣ ራበኝ፣ መሸ፣ በረደ ስንል ለውጡ እዚያው ግሱ ውስጥ አለ። እንግሊዝኛ ግን ለውጡን ለመናገር ከቅጽሉ በፊት "ጌት"ን ያስገባል፦ "አይ አም ታየርድ" ደክሞኛል፣ "አይ አም ጌቲንግ ታየርድ" እየደከመኝ ነው። በ"ተ" ከምንጀምራቸው ግሶችም ብዙዎቹ እንዲሁ በ"ጌት" (ሲያልፍ "ጋት") ይነገራሉ፤ ተከፈለው "ጋት ፔይድ"፣ ተባረረ "ጋት ፋየርድ"፣ ተጎዳ "ጋት ኸርት"። ይህን ዝምድና ያየ ተማሪ "ጌት" አያስፈራውም። ስለዚህ አይዩት።

አሜሪካ የተወለደ ልጅ ካለዎት "ጋትን" ባለ ቁጥር "ስሕተት ነው፣ ጋት በል" ብለው ይቆጡት። "ጋትን" እንግሊዞች በአመዛኙ የተዉት፣ አሜሪካኖች ያቆዩት የዱሮ ቅርጽ ነው፤ ልጁም "አይቭ ጋት" ሲል አለኝ፣ "አይቭ ጋትን" ሲል አግኝቻለሁ ማለቱ ነው። ቢጠይቁት ያስረዳዎት ነበር።

እንዲህ ሆነው መቅረት ካልፈለጉ ግን፣ እባክዎ "ጌት"ን ለብቻው አይጻፉት። የሰሙበትን ዓረፍተ ነገር በሙሉ፣ ከአጠገቡ ካለው "አፕ"፣ "ኦፍ" ወይም "ባክ" ጋር ይጻፉት፤ ማን ለማን እንዳለውም ከጎኑ ይጨምሩበት።