የእህቴ ልጅ ሳል

ያን ቀን ጠዋት በ3 ሰዓት ለእህቴ ልጅ የጦር ጉዳት ምርመራ ሮክቪል መገኘት ነበረብን። እኛ ግን ዋሽንግተን አይርቪንግ ጎዳና፣ የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታል በር ላይ ቆመናል። ጥፋቱ የእኔ ነው። የእህቴ ልጅ ስልኩን አውጥቶ አድራሻውን ሊያሳየኝ ሲል፣ «ተወው፣ ይህን ከተማ 20 ዓመት ታክሲ ነድቼበታለሁ» ብዬ ዝም አሰኘሁት። እሱ ደግሞ ታላቁ ከተናገረ መልስ አይሰጥም፤ እናቱ ያሳደገችው እንደዚያ ነው። መኪና ማቆሚያ ስንፈልግ ግማሽ ሰዓት ሄደ። መቀበያው ላይ ያለችው ሴት ወረቀቱን አየችና፣ የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ ቪኤ ይህን ዓይነቱን ምርመራ አብዛኛውን ጊዜ ለግል ሐኪሞች በኮንትራት እንደሚሰጥ፣ የእኛም ሐኪም ሮክቪል እንደሆነ ነገረችን። ሮክቪል ስንደርስ ቀጠሮው ካለፈ 50 ደቂቃ ሆኖታል። «አልቀረበም» ተብሎ ተመዝግቧል።

ይህች ቃል ቀላል አይደለችም። በምርመራው ቀን ያልተገኘ ሰው ጉዳዩ መዝገቡ ውስጥ ባለው ማስረጃ ብቻ ሊወሰንበት ይችላል፤ ማስረጃው ካልበቃም ውድቅ ይሆናል። በቂ ምክንያት ያለው አዲስ ቀጠሮ መጠየቅ ይችላል። ይህን ያወቅሁት ግን በኋላ ነው። የዚያን ጊዜ ያየሁት የልጁን ፊት ብቻ ነበር። ተመልሰን መኪና ውስጥ ስንገባ አንድ ቃል አልተናገረኝም። ሳለ ብቻ።

ሳሉን ለዓመታት ሰምቼዋለሁ። የብርድ ነው፣ የአበባ ብናኝ ነው፣ ሲጋራ ጀምሮ ይሆናል ስል ኖርኩ። ልጁ ሲጋራ በአፉ ዞሮ አያውቅም። አፍጋኒስታን፣ ባግራም፣ አንድ ዓመት የነዳጅ ቦቴ ሲነዳ ከርሟል። እዚያ ቆሻሻ የሚወገደው ሜዳ ላይ ጉድጓድ ተቆፍሮ በእሳት ነበር፦ ፕላስቲኩ፣ ጎማው፣ ባትሪው፣ የሐኪም ቤቱ ጥራጊ፣ የሰው ዓይነ ምድር ሳይቀር በአውሮፕላን ነዳጅ እየተለኮሰ። ጭሱ ሌሊትም አይተኛም። ከሠራዊቱ እ.ኤ.አ. በ2014 ተሰናበተ፤ በ2016 ሐኪም አስም አለብህ አለው። እሱ ስለዚህ አውርቶኝ የሚያውቀው አንድ ጊዜ ነው፤ እኔም ከልቤ አልሰማሁትም።

ለምን አልሰማሁትም? ይህን ብዙ አስቤበታለሁ። የጦር ጉዳተኛ ሲባል ከልጅነቴ ጀምሮ ዓይኔ ላይ የሚመጣው አጎቴ ነው፣ የእናቴ ወንድም። ናቅፋ ግንባር ቀኝ እግሩን ከጉልበቱ በታች ፈንጂ ወሰደው። ሱሪውን አጥፎ በመርፌ ቁልፍ ይይዘውና በክራንች ከቤት እስከ ቤተክርስቲያን ይሄዳል። በ1983 ዓ.ም. ሠራዊቱ ሲበተን የሠራበት ዘመን፣ የፈሰሰው ደሙ፣ ሁሉም «የደርግ ወታደር» በሚል አንድ ስም ተጠቅልሎ ቀረ። ጉዳትህ ከመቶ ስንት ነው ብሎ የጠየቀው አልነበረም። ለእኔ ግን የጦር ጉዳት ማለት ያቺ በመርፌ ቁልፍ የተያዘች ሱሪ ሆና ቀረች። እግሩ ሙሉ የሆነ ሰው እንዴት የጦር ጉዳተኛ ይባላል?

ዋሽንግተን መጥቼም ዓይኔ አልተለወጠም። በ2004 እና በ2005 ጆርጂያ አቬኑ ላይ፣ ከድሮው ዋልተር ሪድ ሆስፒታል በር እግር የሌላቸውን ወጣቶች እያነሳሁ ስንት ቀን አመላልሻለሁ፤ ዘመዶቻቸው ሲከፍሉኝ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከመንገዱ ማዶ «ሕንፃ 18» የሚሉት ቤት ነበር። በፊቱ በቀን አሥር ጊዜ አልፋለሁ። በ2007 ዋሽንግተን ፖስት የጻፈውን ሳነብ ነው ውስጡ ምን እንደነበር ያወቅሁት፦ ግድግዳው የሻገተ፣ አይጥ የሚሯሯጥበት፣ ጭንቅላታቸው በፍንዳታ የተናወጠ ወታደሮች ከቢሮ ቢሮ ወረቀት ይዘው የሚንከራተቱ። የምድር ጦሩ ሚኒስትር በዚያ ጉዳይ ሥልጣኑን ለቀቀ። ያኔ ከእነዚያ ወታደሮች ብዙዎቹ የሚጨነቁት ስለ አንዲት ቁጥር ነበር። ሠራዊቱ ከ20 ዓመት በታች ላገለገለ ሰው 30 በመቶና ከዚያ በላይ ከወሰነለት በጡረታ ይወጣል፣ ሕክምናውም ከቤተሰቡ ጋር ይቀጥልለታል፤ ከዚያ በታች ከሆነ በአንድ ጊዜ ክፍያ ይሰናበታል። በ20 እና በ30 መካከል ያለው ልዩነት የአንድ ቤተሰብ ኑሮ ነው።

አሁን ወደ አንድ ካፌ ልውሰዳችሁ፤ ነገሩ ሁሉ የተበላሸው እዚያ ነው።

በ2023 ሰኔ ወር ነው። ልጁ ባለፈው ዓመት የወጣውን ሕግ አንብቦ፣ ክሌም (የጉዳት ክፍያ ማመልከቻ) ላስገባ ይሆን እያለ ገና ያወላውላል። ሕጉ በኦገስት 10 ቀን 2022 ባይደን የፈረሙት ፓክት አክት ነው። ከዚያ በፊት አብዛኛውን ጊዜ የታመመው ወታደር ነበር ጭሱ እንዳሳመመው ማስረዳት የሚጠበቅበት፤ ከሕጉ በኋላ ግን ኢራቅ ወይም አፍጋኒስታን የነበረ ሰው ከተዘረዘሩት ከ20 በላይ ሕመሞች አንዱ ከያዘው፣ ከአገልግሎቱ የመጣ ነው ተብሎ ይገመትለታል። ከአገልግሎት በኋላ የተገኘ አስምም ዝርዝሩ ውስጥ አለ። ሲልቨር ስፕሪንግ ቡና ልንጠጣ ተቀምጠን ሳለ፣ ከጎናችን አንድ ሰው ለጓደኞቹ ጮክ ብሎ ያወራል። እሱም የአሜሪካ ሠራዊት ውስጥ ነበር። «መቶ በመቶ ነኝ፣ ምንም የሆንኩት የለም። ምን ማለት እንዳለብህ ካወቅህ ይሰጡሃል፤ እኔ አጥንቼ ነው የገባሁት» ይላል፣ እየሳቀ። መቶ በመቶ ማለት ዛሬ ለብቸኛ ሰው በወር ከ3,800 ዶላር በላይ ነው፤ ግብር የለበትም።

የእህቴ ልጅ ስኒውን አስቀመጠ። መኪና ውስጥ፣ «ጋሼ፣ እኔ ከዚህ ሰው ጋር አንድ ወረፋ ላይ አልቆምም» አለኝ። እኔስ ምን አልኩት? «ደግ አደረግህ» አልኩት። ይህን ማለቴ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ያ ሰው የሰረቀው የመንግሥትን ገንዘብ ብቻ አይደለም። የእህቴን ልጅ አፍ ነው የዘጋው። በፓክት አክት፣ እስከ ኦገስት 14 ቀን 2023 ያመለከተ ሰው ክፍያው ሕጉ ከተፈረመበት ቀን ጀምሮ ተሰልቶ እንዲሰጠው ተፈቅዶ ነበር። ልጁ በሰኔ አመልክቶ ቢሆን ኖሮ ይደርሰው ነበር። አፍሮ ተቀመጠ፤ ቀኑ አለፈ። በኋላ ስናሰላው ያለፈው ብዙ ሺህ ዶላር ነበር።

በ2024 መጀመሪያ እህቴ ከአዲስ አበባ ደወለች። «ወንድምዓለም፣ ልጄ ሲያወራኝ ትንፋሹ ይቆራረጣል። አንተ እዚያ ሆነህ ምን ትሠራለህ?» አለችኝ። በዚያ ቃል ተነሣሁ፤ ስነሣ ግን ሁለተኛውን ጥፋት ሠራሁ። ስልኬ ላይ ማስታወቂያው በየቀኑ የሚመጣ አንድ ድርጅት ነበር፤ የቀድሞ ወታደሮችን ክሌም እናሳድጋለን የሚል። ደወልኩ፣ ልጁን ኮምፒዩተር ፊት አስቀመጥኩት፣ «ፈርም» አልኩት። ፈረመ፤ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥሩንም ሰጠ። ከውሉ ውስጥ ያላነበብኩት፣ ገንዘቡ ሲፈቀድ የወር ክፍያውን አምስት እጥፍ ለድርጅቱ እንደሚከፍል ነው። በሳምንቱ ከድርጅቱ አንድ ወጣት በቪዲዮ ቀረበና ስለ አስሙ ሁለት ደቂቃ እንኳ ሳያወራ፣ «እንቅልፍ የለኝም፣ ሰው መሃል መቆም እፈራለሁ በል፤ ቁጥሩን የሚያወጣው እሱ ነው» አለው። የእህቴ ልጅ፣ «እኔ እንቅልፍ አለኝ። ጓደኛዬ ነው እንቅልፍ የሌለው፤ የእሱን ሕመም አልወስድም» አለና ኮምፒዩተሩን ዘጋ።

የአሜሪካ ሕግ በቪኤ ዕውቅና የሌለው ማንም ሰው ክሌም እንዳያዘጋጅ፣ ለመጀመሪያው ማመልከቻም ማንም ገንዘብ እንዳያስከፍል ይከለክላል። ነገር ግን በ2006 ሕጉ ሲሻሻል የወንጀል ቅጣቱ ወጣ። ክልከላው አለ፣ በትሩ የለም። ስለዚህ እንዲህ ያሉት ድርጅቶች በአደባባይ ያስተዋውቃሉ።

በዚህ አገር የቀድሞ ወታደር ገንዘብ ታሪክ ውስጥ ከታወቁት ትላልቅ ሌብነቶች አንዱም የተጀመረው ከላይ ነው። በ1921 የቀድሞ ወታደሮች ቢሮ ሲቋቋም የመጀመሪያው ዳይሬክተር ቻርልስ ፎርብስ ነበር። እኛ ሜሪላንድ ውስጥ፣ ፔሪቪል ከተባለው መጋዘን፣ ለቁስለኞች የተከማቸውን አንሶላና የሆስፒታል ዕቃ በርካሽ አሳልፎ ሸጠ፤ በሆስፒታል ግንባታም ጉቦ በላ። በ1925 ተፈረደበት፤ በኋላም እስር ቤት ገባ። አንሶላው ሲሸጥ አልጋ ላይ የነበረው ከፈረንሳይ የተመለሰው፣ ሳንባው በጋዝ የተቃጠለው ወታደር ነበር። ዛሬ የጉዳት ክፍያ የሚያገኙት ከ6 ሚሊዮን በላይ ሆነዋል፣ ወጪውም አድጓል፤ ወጪው ባደገ ቁጥር «ያጭበረብራሉ» የሚለው ድምፅም ይጎላል። የሚያጭበረብሩ አሉ። ማየት አልችልም ብለው መኪና ሲነዱ የተያዙ፣ ፍርድ ቤት የቆሙ አሉ፤ ይፈረድባቸው። ግን በጥርጣሬ ወረፋውን ብታጠብቡት፣ አጥንቶ የሚገባው አሁንም ይገባል፤ ከወረፋው የሚወጣው የሚያፍረው ነው።

የሮክቪሉ ቀጠሮ ካመለጠን በኋላ ያዳነን አንድ ሽማግሌ ነው። የቬትናም ወታደር የነበረ፣ ከቀድሞ ወታደሮች ማኅበራት በአንዱ ያለ ምንም ክፍያ የሚያገለግል። አሜሪካን ሊጅን፣ ዲኤቪ፣ ቪኤፍደብልዩ የሚባሉት ማኅበራት እንዲህ ያሉ ዕውቅና ያላቸው ሰዎች አሏቸው። ድርጅቱን ከተውን በኋላ የእኛን ማመልከቻ ያስገባውም እሱ ነበር። ስደውልለት አልተቆጣኝም፤ እዚያው ስልክ አንሥቶ ምክንያቱን አስረዳና አዲስ ቀጠሮ አስያዘ።

መጀመሪያ ቢሮው የሄድን ቀን ልጁን «ምንህን ያምሃል?» አላለውም። «ቤትህ ስንተኛ ፎቅ ነው?» አለው። «ሦስተኛ።» «ደረጃውን ስትወጣ የት ላይ ትቆማለህ?» ልጁ ትንሽ ዝም ብሎ፣ «ሁለተኛው ፎቅ መታጠፊያ ላይ። ሰው ከመጣ ስልክ የማይ አስመስላለሁ» አለ። ሦስት ዓመት ያን ደረጃ ከኋላው ወጥቻለሁ። ስልክ የሚያይ መስሎኝ ነበር።

ሽማግሌው የቁጥሩንም ሥራ በዳቦ አስረዳኝ። ቪኤ ጉዳቶችን ዝም ብሎ አይደምርም። ጤነኛ ሰው ሙሉ ዳቦ ነው። አንዱ ጉዳት 50 በመቶ ከሆነ ግማሹ ዳቦ ሄደ፤ ሁለተኛው 50 የሚቆረሰው ከተረፈው ግማሽ ነው። ስለዚህ 50 እና 50 መቶ አይሆንም፤ 75 ይሆንና ወደ 80 ይጠጋል። እሱ ራሱ ከቬትናም ከተመለሰ ዘመኑን ሙሉ ደም ግፊት ነበረበት። ኤጀንት ኦሬንጅ የተባለው መርዝ ያመጣው እንደሆነ የተገመተለት በ2022ቱ ሕግ ነው። እጁም እግሩም ሙሉ ነው። ይህንንም አላየሁም ነበር።

በሁለተኛው ቀጠሮ መኪናውን የነዳው የእህቴ ልጅ ነው፤ እኔ ጎኑ ተቀመጥኩ፤ አንድ ሰዓት ቀድመን ደረስን። ውሳኔው ሲመጣ አስሙ 30 በመቶ፣ አብሮ ያመለከተበት የጆሮው ጩኸት 10 በመቶ ተባለ። በዳቦው ስሌት 37 ነው፤ ወደ 40 ተጠጋ። ከድርጅቱም ደብዳቤ መጣ፤ ላልሠራው ሥራ ከ3,700 ዶላር በላይ ይጠይቃል። ሽማግሌው እንዳይከፍል ነገረው፤ አልከፈለም። ደብዳቤው አሁንም ይመጣል።

እናንተ ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያ፣ ሚኒሶታ፣ ቴክሳስ ያላችሁ፣ ልጃችሁ ወይም የእህታችሁ ልጅ የአሜሪካን ሠራዊት ልብስ ለብሶ ከነበረ፣ ዛሬ ማታ ደረጃ ስትወጣ የት ትቆማለህ ብላችሁ ጠይቁት። «ላመለክት አስቤአለሁ» የምትለውን ቅጽ አሁኑኑ ያስገባ፤ ቀኑን ትይዝለታለች፣ ማስረጃውን ለማሟላት አንድ ዓመት ይኖረዋል። ገንዘብ ለሚጠይቃችሁ አትፈርሙ። የቀጠሮውን አድራሻ ደግሞ አንብቡት።